ዝናብ ለዐውሎ ነፋስ ስንቁ ነው ወይስ ሸክሙ?

ወደ ቁልቢ የተጓዘ ሰው ሁሉ ያንን መንገድ ያስታውሰዋል። ከአዋሽ ወዲያ ሜዳው ደረቅ ነው፤ ግራርና ቁጥቋጦ እንጂ ሌላ ብዙ አይታይበትም። አሰቦትንና ሚኤሶን ካለፉ በኋላ ግን መኪናው ዳገቱን ይይዛል፤ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ምድሩም እየለመለመ ይሄዳል። ጥቂት ቈይቶም ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከተራሮች መካከል ብቅ ትላለች። ከእርሷ ወዲያ እስከ ሂርና ድረስ በግራና በቀኝ በእርከን የተያዘ የማሽላና የበቆሎ፣ የቡናና የጫት እርሻ ይታያል።

ይህ የጨርጨር ተራራ የሰማይን ውኃ ለሁለት የሚከፍል ነው። በሰሜን ገጹ የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በደቡብ ገጹ የወረደው ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ይህ ውኃ የመጣው በአብዛኛው ከባሕር ሆኖ ሳለ ወደ ባሕር የሚመለሰው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። አዋሽ በጂቡቲ ድንበር አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ዋቢ ሸበሌም በአብዛኛው ዘመን በሶማሊያ ረግረግ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ የጭሮ፣ የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ ገበሬ ባሕር አይቶ ባያውቅም ኑሮው ከባሕር ጋር የተሳሰረ ነው።

ከባሕር የሚመጣው ነገር ግን ሁልጊዜ ለስላሳ ዝናብ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የባሕር ዐውሎ ነፋስ ይነሣል። ስለ ዐውሎ ስንናገር በበጋ ወራት በሚኤሶ ሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እያዞረ የሚያልፈውን አዙሪት ማለታችን አይደለም። ይህኛው በሞቃት ባሕር ላይ የሚወለድ፣ ስፋቱ በመቶ በሚቈጠር ኪሎ ሜትር የሚለካ፣ ለብዙ ቀናት የሚቈይ የነፋስና የዝናብ ክምችት ነው። ታዲያ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሰሙትን ይዘው፣ «ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ከባድ ዝናብ አብሮ ይመጣል፤ ያ ዝናብ ለነፋሱ ኃይል ይጨምርለታል ወይስ ይቀንስበታል?» ብለው ቢጠይቁን ምን እንመልስላቸዋለን? ጥያቄው የልጆች ቢመስልም የሊቃውንትም ጥያቄ ነው። መልሱም ለእኛ ለደጋዎቹ ጭምር የሕይወትና የንብረት ጉዳይ ነው።

በቅዱስ ያሬድ ዕለት የደረሰው ዐውሎ

ነገሩን ከቅርባችን በሆነው ታሪክ እንጀምር። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት 8 ቀን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ አንድ ዐውሎ ተነሣ። የሰሜን ሕንድ ውቅያኖስን ዐውሎዎች የሚከታተለውና የሚሰይመው በኒው ዴልሂ የሚገኘው የሕንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሞቹንም በዚያ ውቅያኖስ ዙሪያ ያሉ አገሮች ተራ በተራ አስቀድመው ያዘጋጃሉ። ለዚህኛው የደረሰው ስም ከሕንድ የቀረበው «ሳጋር» ነበረ፤ ትርጓሜውም ባሕር ማለት ነው።

ሳጋር በጠባቡ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወደ ምዕራብ እየገፋ ሄደ፤ ከፍተኛው የነፋስ ፍጥነቱም በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ። ግንቦት 11 ቀን፣ በቅዱስ ያሬድ በዓል ዕለት፣ በሶማሌላንድ ጠረፍ በሉግሃያ አካባቢ ወደ የብስ ገባ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ በመዝገብ ከታወቁት ዐውሎዎች ሁሉ ይህን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ የረገጠ ከዚያ በፊት አልነበረም። ይህ ስፍራ ከጭሮ በቀጥታ መስመር ሲለካ 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

በማግሥቱ ነፋሱ ደክሞ፣ በሶማሊያና በአጎራባቹ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ስም የሌለው ተራ የደመና ክምችት ሆነ። ነገር ግን ጉዳቱ ከነፋሱ ጋር አልደከመም። በጂቡቲ ከተማ 110 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወርዶ መንገዱንና ቤቱን አጥለቀለቀው፤ በሶማሌላንድ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የከብቱና የእርሻው ጥፋት ብዙ ነበረ፤ የሶማሌ ክልል ቈላዎችም ጎርፍ ደረሰባቸው። ከነፋሱ ይልቅ ያጠፋው ውኃው ነበረ። ይህን ልብ ብለን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ዝናቡ ስንቅ ሲሆን

ለመረዳት እንዲቀለን ወደ ማድ ቤት እንግባ። ድስት ተጥዶ በሚፈላበት ጊዜ ክዳኑን የነካው እንፋሎት ወደ ውኃ ጠብታ ይለወጣል፤ ክዳኑም እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል። የቤት እመቤት ሁሉ እንደምታውቀው የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውኃ ቃጠሎ ይብሳል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ከሚወስደው ሙቀት ይልቅ፣ ያው የፈላው ውኃ ሁሉ ተንኖ እስኪያልቅ የሚወስደው ሙቀት 7 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት አይጠፋም፤ በእንፋሎቱ ውስጥ ተሰውሮ ይቀመጣል። እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ በሆነ ጊዜ ግን የተሰወረው ሙቀት ይገለጣል።

በባሕር ላይ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። የባሕሩ ገጽ 26 ዲግሪ ተኩልና ከዚያ በላይ በሞቀ ጊዜ ብዙ ውኃ ይተንናል፤ እርጥበት የተሞላው አየርም ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ስለሚቀዘቅዝ እንፋሎቱ ደመናና ዝናብ ይሆናል፤ የተሰወረውም ሙቀት ወጥቶ አየሩን ያሞቀዋል። የሞቀው አየር ይበልጥ ይቀልላል፤ ይበልጥም ይወጣል። ከሥሩ ያለው የአየር ክብደት ስለሚቀንስ ከዙሪያው ያለው ነፋስ የጎደለውን ሊሞላ ይሮጣል፤ የምድር መዞርም ያን ሩጫ ወደ አዙሪት ይለውጠዋል። ነፋሱ በበረታ መጠን ከባሕሩ ብዙ እንፋሎት ይነጥቃል፤ እንፋሎቱም እንደገና ዝናብ ሆኖ ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ ዝናብ ማለት ለዐውሎው ምድጃ ማገዶ የመጨመሩ ምልክት ነው።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቅ ኬሪ ኢማኑኤል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 ባወጡት ጽሑፍ ዐውሎውን ከሙቀት ሞተር ጋር አመሳስለው ገልጸውታል። ይኸውም ሞቃቱ ባሕር እሳቱ፣ ቀዝቃዛው የላይኛው ሰማይ ማብረጃው፣ ነፋሱም የሞተሩ ሥራ ነው ማለታቸው ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሞተር ቈጣቢ አይደለም። በአንድ ሙሉ ዐውሎ ውስጥ ዝናቡ ከሚለቀው ሙቀት ወደ ነፋስ ጕልበት የሚለወጠው ከ400 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ያ አንድ እጅ ዛፍ ነቅሎ ቤት የሚያፈርስ ከሆነ፣ በዝናብ ውስጥ የተሰወረው ኃይል ምን ያህል ታላቅ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

ነገር ግን ዝናብ ስንቅ የሚሆነው በትክክለኛው ስፍራ ሲወርድ ነው። በዐውሎው መካከል ደመና የሌለበት ጸጥ ያለ ክብ ቦታ አለ፤ «ዐይን» ይሉታል። ዐይኑን እንደ ግድግዳ ከብቦ የሚቆመው ወፍራም ደመና ነው። ከባዱ ዝናብ በዚህ ግድግዳ ላይ በወረደ ጊዜ ሙቀቱ በመካከል ይሰበሰባል፤ ዐውሎውም ይበረታል። ዝናቡ ከመካከሉ ርቆ በዳር በዳር የበረታ እንደ ሆነ ግን፣ ወደ መካከል ሊደርስ ይገባው የነበረውን እርጥብ አየር በመንገድ ይሻማዋል። እሳት ከምጣዱ ሥር በትክክል ሲነድ እንጀራው እንደሚበስል፣ ከምጣዱ ውጭ ሲነድ ግን እንጨት ማባከን ብቻ እንደሚሆን ማለት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ሁለተኛው ዐውሎ ነው። በ2013 ዓ.ም. «ጋቲ» የተባለው ዐውሎ በዐረብ ባሕር ላይ ተነሣ፤ ትርጓሜው ፍጥነት ማለት ነው፤ በእርግጥም ስሙን መሰለ። መጠነ ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ በሞቃት ባሕር ላይ ዝናቡን በመካከሉ አጠንክሮ ሰብስቦ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ነፋሱ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ወደ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። በሕንድ ውቅያኖስ እንዲህ ያለ ድንገተኛ እድገት በመዝገብ አልታየም ነበር። በኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ኅዳር 13 ቀን፣ በሶማሊያ ምሥራቃዊ ጫፍ በሐፉን አጠገብ የብስ ረገጠ። እስካሁን በሶማሊያ ምድር ከደረሱት በመዝገብ ከታወቁት ዐውሎዎች ሁሉ ብርቱው እርሱ ነው፤ በአካባቢውም በዓመት ከሚዘንበው የሚበልጥ ዝናብ በሁለት ቀን ውስጥ ጣለ።

ዝናቡ ሸክም ሲሆን

አሁን ደግሞ የሁለተኛውን ወገን ክርክር እንስማ። ያው ዝናብ ዐውሎውን የሚያደክምባቸው መንገዶችም አሉ።

አንደኛው የመተነን ብርድ ነው። ልብስ ታጥቦ እርጥብ ሳለ የለበሰ ሰው ነፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ ውኃው በሚተንንበት ጊዜ ከሰውነቱ ሙቀት ይወስዳልና። በዐውሎውም ውስጥ ደረቅ አየር የገባ እንደ ሆነ የሚወርደው ዝናብ ከመሬት ሳይደርስ በመንገድ ይተንናል። አየሩም ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይወድቃል። ይህ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ወደ ዐይኑ ግድግዳ በተሳበ ጊዜ ምድጃው ላይ ውኃ እንደ መድፋት ይሆናል። የዐረብ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሁለት ወገን በበረሃ የተከበቡ ስለ ሆኑ፣ በዚያ የሚነሡ ዐውሎዎች ብዙ ጊዜ ደረቅ አየር እየተሳበ ይገባባቸዋል። ብዙዎቹም ወደ አፍሪቃ ቀንድ ሳይደርሱ የሚደክሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው የጠብታዎቹ ሰበቃ ነው። እያንዳንዷ ጠብታ ስትወርድ አየሩን እየገፋች፣ እርሱም እየያዛት ትወርዳለች። የአንዲት ጠብታ ሰበቃ ኢምንት ነው፤ በአንድ ዐውሎ ውስጥ የሚወርደው ጠብታ ሁሉ ሲደመር ግን ለነፋሱ ሊውል ይችል ከነበረው ጕልበት የማይናቅ ድርሻ ይወስዳል። በጃፓን የኦኪናዋ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 ይህን በሒሳብ አስልተው፣ የዝናቡ ሰበቃ ካልታሰበ የዐውሎው ከፍተኛ ፍጥነት ከእውነተኛው በላይ እየተገመተ እንደሚቀር አመልክተዋል። ስለዚህ የዝናቡ ስንቅ ራሱ ለማጓጓዝ ዋጋ ይጠይቃል፤ እህል የተጫነ አህያ ከጭነቱ እየተቀለበ እንደሚሄድ ያለ ነው።

በባሕሩ ገጽ ላይ የሚሠራው ሥራ

ዝናቡ ከወረደ በኋላም ሥራውን አይፈጽምም። የባሕር ውኃ ጨዋማ ስለ ሆነ ከባድ ነው፤ የዝናብ ውኃ ግን ቀላል ነው። ይህን በቤት ውስጥ ከልጆች ጋር መሞከር ይቻላል። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ብዙ ጨው ያሟሙ፤ ከዚያም ቀለም የገባበት ንጹሕ ውኃ በማንኪያ ጀርባ ላይ በቀስታ ያፍስሱበት። ባለ ቀለሙ ውኃ ከላይ ተንሳፎ ሲቀመጥ ይታያል፤ ጨዋማውም ከታች ይቀራል።

በባሕር ላይም ከባድ ዝናብ ከዘነበ፣ ወይም ታላቅ ወንዝ ከገባ፣ ከላይ ቀላል የሆነ የውኃ ንጣፍ ይዘረጋል። ዐውሎ በሚያልፍበት ጊዜ ነፋሱ ባሕሩን እያማሰለ ቀዝቃዛውን የጥልቅ ውኃ ወደ ላይ ያወጣል፤ በዚህም የራሱን ምድጃ ራሱ ያበርዳል። ቀላሉ ንጣፍ ባለበት ስፍራ ግን ማማሰሉ ይከብደዋል፤ ቀዝቃዛው ውኃ ከታች ይቀራል፤ ገጹም እንደ ሞቀ ይቈያል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለ ንጣፍ ባለበት ባሕር ላይ ዐውሎዎች የሚበረቱበት ፍጥነት ከሌላው ስፍራ በግማሽ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። እንግዲህ ትናንት የዘነበው ዝናብ ለነገው ዐውሎ መንገድ ሊጠርግለት ይችላል።

በየብስም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ዐውሎ ከባሕር ሲለይ ስንቁ ስለሚቋረጥ እንደሚደክም የታወቀ ነው። ነገር ግን ምድሩ አስቀድሞ በዝናብ የራሰና የሞቀ ከሆነ፣ ከእርጥቡ አፈር የሚተንነው ውኃ እንደ ትንሽ ባሕር ሆኖ ጥቂት ጊዜ ያኖረዋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 «ኤሪን» የተባለው ዐውሎ ከባሕር እጅግ ርቆ በአሜሪካ በኦክላሆማ ምድር ላይ ሳለ እንደገና የበረታበት ጊዜ ለዚህ ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። ሳጋር የገባበት የሶማሌላንድ ጠረፍ ግን ደረቅ ነበረ፤ ከበስተ ኋላውም ተራራ አለ። እንዲህ ያለ ምድር ለዐውሎ ስንቅ አያቀብልም።

ስለዚህ የጥያቄያችን መልስ አንድ ቃል አይደለም። ዝናብ በመካከሉ ሲወርድ ስንቅ ነው፤ በዳር ሲበረታና በደረቅ አየር ውስጥ ሲተንን ሸክም ነው፤ ሲወድቅ ይጎትተዋል፤ ከወደቀ በኋላ ግን ባሕሩንና ምድሩን እያዘጋጀ ያግዘዋል። የትኛው እንደሚያይል የሚወሰነው በባሕሩ ሙቀት፣ በአየሩ እርጥበትና ዝናቡ በሚወርድበት ስፍራ ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ዐውሎው የሚሄድበትን አቅጣጫ ከሚያበረክተው ኃይል ይልቅ አስተካክለው የሚናገሩትም ስለዚህ ነው።

ነፋሱ ሲሞት ዝናቡ አይሞትም

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት እናርም። በራዲዮ ስለ ዐውሎ ሲነገር የሚጠቀሰው ደረጃ የሚለካው በነፋሱ ፍጥነት ነው እንጂ በዝናቡ ብዛት አይደለም። ስለዚህ «ዐውሎው ደክሟል» የሚለው ቃል የሰሙ ሰዎች አደጋው ያለፈ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ነፋሱ በሚደክምበት ጊዜ ደመናው የተሸከመው ውኃ ገና አልተራገፈም። ፍጥነቱ ስለ ቀነሰም በአንድ ስፍራ ላይ ቆሞ ሊያራግፈው ይችላል። ተራራ ያገኘው እንደ ሆነ ደግሞ አየሩ ወደ ላይ ለመውጣት ስለሚገደድ የባሰ ይዘንባል።

በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መጀመሪያ «ፍሬዲ» የተባለው ዐውሎ በማላዊ ላይ ያደረሰው ይህንኑ ነው። ከአምስት ሳምንት ጉዞ በኋላ ከሞዛምቢክ ጠረፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ነፋሱ ደከመ፤ ዝናቡ ግን በብላንታየር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ቆመ። የስድስት ወር ዝናብ በስድስት ቀን ወረደ፤ ተራራው በሰው ቤት ላይ ተናደ። የሞቱትና ደብዛቸው የጠፋው በአንድነት ከ1,000 በላይ ሆኑ። ማላዊ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር መሆኗን ስናስብ፣ «እኛ ከባሕር ርቀናል» ማለት መጠጊያ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ለራሳችንም ምስክር አለን። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ከተማ ላይ በመጣ ጊዜ ከ200 በላይ ሰዎች ጠፉ። ያ ዐውሎ አልነበረም፤ በደጋው ላይ የወረደ የክረምት ዝናብ ነበረ። ከተማው ሲተኛ ዝናቡ በሌላ ስፍራ ነበር፤ ጎርፉ ግን በደረቅ አሸዋ ላይ ተኝተው ወደ ነበሩት መጣ። ተራራና ደረቅ ወንዝ ባለበት ሁሉ፣ ከጭሮ እስከ ሚኤሶ፣ ከሂርና እስከ ገለምሶ፣ ይህ ታሪክ ትምህርት ነው።

ከሩቅ ባሕር እስከ ማሽላው እርሻ

የዐውሎ ዝናብ በሌላም መንገድ ይደርሰናል። ሳጋር ባለፈ በሳምንቱ፣ ግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ «መኩኑ» የተባለው ዐውሎ በኦማን በሰላላ ከተማ አጠገብ ገባ፤ በዓመት ከሚዘንበው እጥፍ የሚበልጥ ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ። ጥቅምት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ «ሉባን» የመንን መታ። ይህን ስም ያወጣችው ኦማን ስትሆን ትርጓሜው ዕጣን ማለት ነው። ሁለቱ ዐውሎዎች በዐረብ በረሃ ውስጥ ሐይቅ እስኪቆም ድረስ ውኃ ጣሉ። ሰው በማይደርስበት በዚያ አሸዋ ላይ ሣር በቀለ፤ የበረሃ አንበጣም ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ ገለጸው ቍጥሩ 8,000 እጥፍ ያህል ሆነ።

የቀረውን ታሪክ የሐረርጌ ገበሬ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። አንበጣው በየመን በኩል ተሻግሮ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻና በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. «ፓዋን» የተባለው ዐውሎ በሶማሊያ ዘንቦ እንደገና የሚራባበትን እርጥብ ምድር አዘጋጀለት። በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አንበጣ አልታየም ነበር። በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ማሽላው በአገዳው ቀረ። ከገና ሁለት ቀን በኋላ ታኅሣሥ 30 ቀን፣ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መስተዋቱ በአንበጣ ስለ ተሸፈነ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። አንድ ካሬ ሜትር ያህል ስፍራ ላይ ስንት አንበጣ እንደሚያርፍ ያየ ሰው፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን የ35,000 ሰዎችን ምግብ ያህል ይበላል ቢባል አይደነቅም።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ነገርም አለ። በየካቲትና በመጋቢት ወራት በማዳጋስካር አካባቢ ዐውሎዎች በተከታታይ በተነሡ ጊዜ፣ በኢትዮጵያ የበልግ ዝናብ እንደሚጎድል ባለሙያዎች አስተውለዋል። የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ አቶ ዱላ ሻንቆና ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፒየር ካምበርሊን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዐውሎዎች የተደጋገሙባቸው ዓመታት ከኢትዮጵያ የድርቅ ዓመታት ጋር እንደሚገጣጠሙ አሳይተዋል። ቀደም ብለን እንዳልነው ዐውሎው የሚኖረው እርጥብ አየር ወደ ራሱ እየሳበ ነው። እርሱ ለራሱ ስንቅ የሰበሰበው እርጥበት ወደ እኛ ሊመጣ ይችል ከነበረው ይቀነሳል።

ለምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ በልግ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ወራት የሚቈየው ማሽላና በቆሎ የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ባለው ዝናብ ነው። በልጉ ቀርቶ ክረምቱም በደከመበት በ2007 ዓ.ም.፣ ይኸው ምድር በድርቁ ብርቱ ጉዳት ከደረሰባቸው አካባቢዎች አንዱ እንደ ነበረ የሚረሳ አይደለም። እንግዲህ አንዱ ዐውሎ በቅርብ ሲነሣ ጎርፍ ያመጣል፤ ሌላው በሩቅ ሲነሣ ዝናብ ይነሣል። ደግሞም አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሞቀ ቍጥር ሊሸከመው የሚችለው እንፋሎት በመቶ 7 ያህል ስለሚጨምር፣ ዓለም እየሞቀች በሄደች መጠን የዐውሎው ዝናብ እየከበደ እንደሚሄድ ይጠበቃል።

ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚገባው

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ዐውሎን ማስቆም የሚችል ሰው የለም። ዝናቡ ሲመጣ ግን ምን ማድረግ እንደሚገባን ማወቅ እንችላለን።

በመጀመሪያ፣ ወሬ ሲነገር ስለ ነፋሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ዝናቡ እንጠይቅ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ በራዲዮ መከታተል፣ ይልቁንም በግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ በዐረብ ባሕር ዐውሎ የሚነሣበት ጊዜ ስለ ሆነ ይጠቅማል። ስለ በልጉ የሚነገረውን ትንበያም ዘር ከመዝራት አስቀድሞ መስማት መልካም ነው፤ በልጉ የሚዘገይ ወይም የሚያንስ ከሆነ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ለመምረጥ ጊዜ ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ማደር፣ ከብት ማሳደር፣ ገበያ መትከል ከቶ አይገባም። ሰማዩ በራሳችን ላይ ብሩህ ሆኖ ሳለ ጎርፍ ከተራራው ሊወርድ ይችላል። በፍጥነት የሚወርድ ውኃ ከቍርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ካለ ጎልማሳ ሰውን ይጥላል፤ እስከ ጕልበት ሳይደርስም ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወንዝ የሚሻገሩ ከሆነ፣ ጎርፉ እስኪጎድል በዚያው ማዶ እንዲቈዩ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ዘግይቶ መግባታቸው ለቍጣ ምክንያት አይሁን።

ሦስተኛ፣ ውኃው ጠላት ብቻ እንዳልሆነ እናስብ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ 50 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቢወርድ 2,000 ሊትር፣ ማለት 200 ሊትር የሚይዝ 10 በርሜል ይሞላል። በአንድ ሄክታር እርሻ ላይ ቢወርድ 400,000 ሊትር ይሆናል። ያ ሁሉ ውኃ በእርከን ከተያዘ ለማሽላው ሥር ይተርፋል፤ እርከኑ ከፈረሰ ግን አፈሩን ይዞ ወደ ቈላ ይወርዳል፤ በዚያም የሰው ቤት ያፈርሳል። የጨርጨር ገበሬ አባቶቹ የሠሩትን እርከን ሲጠግን የራሱን ማሽላ ብቻ ሳይሆን የታችኛውን ጎረቤቱንም ሕይወት ይጠብቃል።

ወደ ቁልቢ በሚወስደው መንገድ ስንሄድ፣ ከጭሮ በላይ ባለው ዳገት ጥቂት ቆመን ወደ ኋላ እንመልከት። ከሥራችን የሚኤሶ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከራሳችን በላይ ከሩቅ ባሕር የመጣ ደመና ያልፋል። ያ ደመና በባሕር ላይ ሳለ የዐውሎ ስንቅ ሊሆን ይችል ነበር፤ እዚህ ሲደርስ የማሽላ ስንቅ ሆነ። ሲወርድም የሚጠብቀው እርከን ነው ወይስ ባዶ ገደል? የዚህ ጥያቄ መልስ በገበሬውና በጎረቤቶቹ እጅ ነው።